የዱር እንስሳትና አውራ ጎዳና፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ የሚወስደው መንገድ ከመተሃራ ወጥቶ አዋሽ ሰባት እስኪደርስ ድረስ የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክን ለሁለት ከፍሎ ያልፋል። የሀገራችን የገቢና የወጪ ዕቃ አብዛኛው የሚጓጓዘው በዚሁ መስመር ነው። ተሳቢው ሌሊቱን ሙሉ ይነጉዳል። ሳላው፣ ከርከሮው፣ እንሹውና ጅቡም በዚያው ሌሊት ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው መሻገር አለባቸው። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ሾፌሮች፣ ተጓዦችና ፓርክ አካባቢ የሚኖሩ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው። ውጭ ሀገር ለሚያሽከረክሩ ወገኖቻችንም ቦታ ሰጥተናል።

ሜዳው ሁሉ እያለላቸው እንስሳቱ ለምን አስፋልት ላይ ይወጣሉ?

ውሃ፣ ግጦሽና የሚዋለዱት ተጓዳኝ ፍለጋ ነው የሚያወጣቸው። አዋሽ ላይ ከመንገዱ በስተደቡብ የኢላላ ሳላ ሜዳና ወንዙ አሉ። በስተሰሜን የፈንታሌ ተራራ አለ። መንገድ ሳይኖርም ይመላለሱ ነበር፤ መንገዱ ሲመጣ ልማዳቸውን አልተዉም።

መንገዱ ራሱም ይስባቸዋል። ዝናብ ሲጥል ውሃው ከአስፋልቱ እየወረደ ዳርና ዳሩን ያጠጣል። ስለዚህ መንገድ ዳር ያለው ሣር ከሌላው ቀድሞ ይለመልማል፣ ዘግይቶም ይደርቃል። እባብና እንሽላሊት የቀኑን ሙቀት ይዞ የሚቆየውን አስፋልት ማታ ማታ ይወዱታል። ከጭነት መኪና የሚንጠባጠብ እህል አይጥ ይጠራል። አይጡ ጉጉትን ይጠራል። ጉጉቱ ዝቅ ብሎ ሲበር መኪናው ያገኘዋል።

ኢትዮጵያ ውስጥ በተለይ የት የት እንጠንቀቅ?

የመጀመሪያው ከላይ ያልነው የመተሃራ–አዋሽ ሰባት መስመር ነው። ከአዋሽ ወደ ሚሌ ስትቀጥሉ ደግሞ የአላይደጌ ሜዳ ይመጣል። እዚያ የግሬቪ የሜዳ አህያ ይኖራል። ቀጫጭን መስመሮች ያሉት፣ ጆሮው ክብና ትልቅ የሆነው ነው። በዓለም ላይ የቀሩት 3 ሺህ ቢሆኑ ነው። ስለዚህ ከእነሱ አንዷን ማጣት በቁጥር ሲታይ ቀላል ነገር አይደለም።

ባሌ ላይ ሁለት ቦታ አለ። ከሻሸመኔ በዶዶላና በአዳባ ወደ ሮቤ የሚወስደው መንገድ ዲንሾ ከመግባቱ በፊት የጋይሳይን ሜዳ ያቋርጣል። ጋይሳይ የደጋ አጋዘን መንጋ በቅርብ የሚታይበት ቦታ ነው። ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም። ወንዱ እስከ 300 ኪሎ ሊመዝን ይችላል፤ ግጭቱ ለመኪናው ተሳፋሪም አደጋ ነው።

ሁለተኛው ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚሄደው መንገድ ነው። የሰነቴን አምባ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያቋርጣል። እዚህ የምንፈራው ለቀይ ቀበሮ ነው። በመላው ሀገሪቱ፣ ማለትም በመላው ዓለም፣ ከ500 በታች ነው የቀረው። በአንድ መንጋ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የምትወልደው አንዲት ሴት ብቻ ናት። የምትወልደውም ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው። እሷ በመኪና ከተመታች የመንጋው የዓመት ቡችሎች አብረው ይጠፋሉ። ሰነቴ ላይ መንገዱ ጭር ያለ ስለሆነ ሰው ነዳጅ መርገጥ ይወዳል። እባካችሁ እዚያ ቀስ በሉ።

ይበልጥ አደገኛው ሰዓት የትኛው ነው?

ለአብዛኞቹ እንስሳት ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት፣ ከዚያም ከንጋቱ 11 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። ሙቀቱ ቀዝቀዝ ሲል ይነሳሉ። የሾፌሩ ዓይን ደግሞ በዚያው ሰዓት ላይ ይደክማል። ጨለማው ገና ስላልበረታ መብራት ያላበራ ሾፌርም አይጠፋም።

ሰነቴ ግን የተለየ ነው። ቀይ ቀበሮ አይጥና ፍልፈል የሚያድነው በቀን ነው። ስለዚህ «ፀሐይ ነው፣ ሁሉም ይታየኛል» ብሎ መልቀቅ እዚያ አይሠራም።

ፍጥነት መቀነስ በእርግጥ ለውጥ ያመጣል? ወይስ ለማለት ያህል ነው?

ሒሳቡን እንየው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ የቤት መኪና በደረቅ አስፋልት ላይ ሾፌሩ አይቶ፣ ፍሬን ይዞ እስኪቆም ድረስ 45 ሜትር ያህል ይሄዳል። በ90 ሲሄድ ከ80 ሜትር በላይ ይሆናል። በ100 ደግሞ ወደ 100 ሜትር ይጠጋል። አጭር መብራት በደንብ የሚያሳየው 50 እና 60 ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ማታ በአጭር መብራት 90 የሚነዳ ሰው እንስሳውን ሲያየው ጊዜው አልፏል። ጎበዝ ሾፌር መሆኑ አያድነውም። የተጫነ ተሳቢ ከሆነማ መቆሚያው ከዚህ ሁሉ ይረዝማል።

ደስ የሚለው ነገር አንድ ነው። አደገኛው ቦታ የታወቀ ነው፣ ሰዓቱም የታወቀ ነው። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ድረስ ቀስ በሉ ያለ ሰው የለም። ፓርኩን ለሚያቋርጠው ርቀት ብቻ፣ ሲመሻሽና ሌሊት፣ ወደ 60 ውረዱ ነው የምንለው። ከመንገዱ ሁሉ የምታጡት ጊዜ አንድ ቡና እስኪጠጣ እንኳ አይሞላም።

እንስሳ ድንገት ፊቴ ቢቆምስ?

ፍሬን ያዙ፣ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ። መሪ አትጠምዝዙ። ብዙ ጊዜ ሰው የሚሞተው እንስሳውን ለማዳን ሲል መሪ ጠምዝዞ ሲገለበጥ ወይም ከፊት ከሚመጣ መኪና ጋር ሲጋጭ ነው። ይህን ለምትወዱት ሾፌር ሁሉ ንገሩ።

ከሩቅ ካያችሁት ግን ሌላ ነው። ፍጥነት ቀንሱ፣ ረጅሙን መብራት ወደ አጭር መልሱት፣ ክላክስ ነክ ነክ አድርጉ። ኃይለኛ መብራት የእንስሳውን ዓይን ያጥበረብረዋል፤ ወዴት እንደሚሄድ ስለማያውቅ ደርቆ ይቆማል። መብራቱ ሲቀንስለት መውጫውን ያያል። አንዱ ካለፈ በኋላም ወዲያው አትንዱ። ሳላም፣ አጋዘንም፣ ከርከሮም ተከታትለው ነው የሚሄዱት። የከርከሮ ልጆች ከእናታቸው ኋላ በሰልፍ ይመጣሉ።

ገጨሁ። አሁን ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ሰው ይትረፍ። መኪናውን ወደ ዳር አውጡ፣ ሁለቱንም ፍሬቻ አብሩ፣ አንጸባራቂውን ከኋላ ራቅ አድርጋችሁ አቁሙ። ተሳፋሪ አስፋልት ላይ እንዳይቆም።

ከቆሰለ እንስሳ ራቁ። የሳላ ቀንድ ቀጥ ያለ ጦር ነው። የከርከሮ ክራንቻ እግር ይቀድዳል። የሞተ የመሰለ እንስሳ ድንገት ሊነሳ ይችላል። ፓርክ ውስጥ ከሆናችሁ ቅርብ ያለው በር ላይ ላሉት ስካውቶች (የፓርክ ጠባቂዎች) ተናገሩ። ከፓርክ ውጭ ከሆነ ለትራፊክ ፖሊስ ወይም ለወረዳው ንገሩ። ብዙ ሰው ለመናገር ይፈራል። ነገር ግን ያልተነገረ ግጭት አልተመዘገበም ማለት ነው። ያልተመዘገበ ቦታ ላይ ምልክት የሚተክል የለም።

ሥጋውን፣ ቀንዱን ወይም ቆዳውን ጭኖ መሄድ አይቻልም። በአዋጅ ቁጥር 541/1999 መሠረት የዱር እንስሳን ወይም ውጤቱን ያለ ፈቃድ መያዝ ክልክል ነው።

መንገድ ላይ ሞቶ ያገኘሁትን እንስሳ ማንሳት አለብኝ?

መኪና የማይበዛበት፣ ከሩቅ የሚታይ ቦታ ከሆነና በደህና መቆም ከቻላችሁ፣ አዎ። ባዶ እጃችሁን አትንኩት። በገመድ ወይም በእንጨት ጎትታችሁ ከአስፋልቱ ራቅ አድርጉት። ጨለማ ከሆነ ወይም መታጠፊያ ላይ ከሆነ ግን አትሞክሩት፤ ለስካውት ወይም ለፖሊስ ንገሩ።

ይህ ትንሽ ሥራ ይመስላል፤ ግን ብዙ ነፍስ ያድናል። የአንዱ ሬሳ ሌላውን ወደ መንገድ ይጠራል። ጅብ ይመጣል፣ ቀበሮ ይመጣል፣ ጥንብ አንሳ ይወርዳል። የጠገበ ጥንብ አንሳ ከባድ ነው፤ ለመነሳት ሜዳውን መንደርደር አለበት። መኪናው አይጠብቀውም። ሀገራችን ውስጥ ካሉት የጥንብ አንሳ ዝርያዎች ውስጥ በርካታዎቹ በዓለም አቀፍ ደረጃ ከጥፋት አፋፍ ላይ የደረሱ ናቸው። ከመርዝ የተረፈውን መንገድ ሲጨርሰው ማየት ያሳዝናል።

ጅብ ቢገጭ ምን ይጎዳል?

ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው ከልቡ ነው የሚጠይቀው። ከልባችን እንመልስ። ጅብ ከየከተማው ዳር የሚጣለውን የከብት ሬሳና አጥንት ያነሳል። መቀሌ አካባቢ የተደረገ ጥናት ጅቦች ይህን ሬሳ በመብላታቸው አባ ሰንጋና የከብት ሳንባ ነቀርሳ ወደ ሰውና ወደ ከብት የሚተላለፉበትን ዕድል እንደሚቀንሱ አሳይቷል። ይህን ሥራ ማንም ሳይከፍለው ሌሊት ሌሊት ይሠራል።

ሌላም ነገር አለ። ላም የገጨ ሾፌር ባለቤቱ ይይዘዋል፤ ሽማግሌ ተቀምጦ ካሳ ይቆረጣል። ለጅብ ሽማግሌ የሚልክ የለም። ስለዚህ ኃላፊነቱ ሙሉ በሙሉ መሪውን በያዘው ሰው ላይ ይወድቃል።

ኤሊ መንገድ ሲያቋርጥ ባይ ላግዘው?

አግዙት። መንገዱ ነፃ መሆኑን አረጋግጡ። ዛጎሉን በሁለት እጅ ግራና ቀኝ ይዛችሁ ከመሬት ብዙ ሳታነሱ ውሰዱት። ወደሚሄድበት አቅጣጫ ነው የምታሻግሩት። ወደ መጣበት ከመለሳችሁት እንደገና ያቋርጣል። አትገልብጡት። ከደነገጠ ያጠራቀመውን ውሃ ይለቀዋል፤ ቆላ ላይ ደግሞ ያ ውሃ ለሳምንታት ሊያስፈልገው ይችላል። ወደ ቤትም አትውሰዱት።

ዝንጀሮዎቹ መንገድ ዳር ሲለምኑ ሙዝ ወይም ዳቦ መስጠት ምን ክፋት አለው?

ከመኪና መስኮት የተወረወረ ሙዝ ዝንጀሮውን መኪና ሲያይ ወደ አስፋልት እንዲሮጥ ያስተምረዋል። ግልገሎቹ ከእናታቸው ይማራሉ። ቀጣዩ መኪና ላይቆም ይችላል። ጭላዳ ደግሞ ሣር በል ነው፤ ብስኩትና ዳቦ ምግቡ አይደለም። ልጆች በመኪናው ውስጥ ካሉ እንዲያዩ ቁሙላቸው፣ ፎቶ ያንሱ። ምግብ ግን አትወርውሩ። የሙዝ ልጣጭና የተረፈ ምግብም ያው ነው። አዋሽ ስትደርሱ በፌስታል ቋጥራችሁ ያዙት፣ ከተማ ስትገቡ ጣሉት።

እንስሳ በእውነት በድልድይ ይሻገራል?

ይሻገራል። ማስረጃው ብዙ ነው።

ካናዳ ውስጥ ባንፍ የሚባል ብሔራዊ ፓርክ አለ። የሀገሪቱ ዋና አውራ ጎዳና በመሃሉ ያልፋል። ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ 2.4 ሜትር ከፍታ ያለው አጥር በመንገዱ ግራና ቀኝ ተዘረጋ። ከላይ የሚያሻግሩ 6 ድልድዮች ተሠሩ። ከሥር የሚያሳልፉ 38 መተላለፊያዎችም ተሠሩ። ድልድዮቹ አፈር ለብሰዋል፤ ሣርና ዛፍ በቅሎባቸዋል። ከዚያ በኋላ ከትላልቅ እንስሳት ጋር የሚደርሰው ግጭት ከ80 በመቶ በላይ ቀነሰ። የአጋዘን ዘሮች ብቻ ሲታዩ ከ96 በመቶ በላይ ነው የቀነሰው።

ከዚያ የተገኘው ትምህርት ለእኛም ይሆናል። አንደኛ፣ አጥር የሌለው ድልድይ ብዙ አይሠራም። አጥሩ እንስሳቱን፣ የመስኖ ቦይ ውሃን እንደሚመራው፣ ወደ መሻገሪያው ይመራቸዋል። ሁለተኛ፣ ሁሉም እንስሳ አንድ ዓይነት መሻገሪያ አይወድም። ግሪዝሊ ድብና ትልልቅ ቀንዳሞች ሰፊና ሰማይ የሚታይበት ድልድይ ይመርጣሉ። ፑማ (ትልቅ የአሜሪካ የዱር ድመት) እና ጥቁር ድብ ጠበብና ጨለም ያለውን የሥር መተላለፊያ አይጠሉም። ሦስተኛ፣ ትዕግሥት ያስፈልጋል። አንዳንዶቹ ለመልመድ ዓመታት ወስዶባቸዋል። በመጀመሪያው ዓመት «ማንም አልተሻገረም፣ ገንዘቡ ባከነ» ብሎ መፍረድ ስህተት ነበር።

ጎረቤታችን ኬንያም አላት። ከኬንያ ተራራ ደን ወደ ንጋሬ ንዳሬ ደንና ወደ ሌዋ ሜዳ የሚሄዱ ዝሆኖች በናንዩኪ–ሜሩ አውራ ጎዳና ይቆረጡ ነበር። በ2011 (እ.ኤ.አ.) ከመንገዱ ሥር የዝሆን መተላለፊያ ተከፈተ። ሰዎች ዝሆን ከሥር ይገባል ብለው አልጠበቁም ነበር። «ቶኒ» የሚል ስም የወጣለት ወንድ ዝሆን ቀድሞ አለፈበት፣ ሌሎቹም ተከተሉ። ዛሬ መኪናው ከላይ፣ ዝሆኑ ከታች ይሄዳል።

ይህ ለእኛ ሀገር አቅም ውድ አይደለም?

ትልቁ ድልድይ ውድ ነው። ግን ነገሩ በትልቅ ድልድይ አይጀምርም።

ከሁሉም ርካሹ መንገዱን ገና ሲነደፍ ማሰብ ነው። ስሜን ተራሮች ላይ ይህ ታይቷል። ፓርኩ በ1996 (እ.ኤ.አ.) ዩኔስኮ አደጋ ላይ ናቸው ብሎ ከመዘገባቸው ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ገባ። ከስጋቶቹ አንዱ በውስጡ የሚያልፈው መንገድ ነበር። በኋላ ትራፊኩ ከፓርኩ ውጭ እንዲያልፍ ተለዋጭ መንገድ ተሠራ። ሌሎች እርምጃዎችም ተጨመሩና በ2017 (እ.ኤ.አ.) ፓርኩ ከአደጋው ዝርዝር ወጣ። ይህ ሌላ ቦታ የማይደገምበት ምክንያት አይታየንም።

መንገዱ ተሠርቶ ካለቀም መላ አለ። አስፋልት ሥር የጎርፍ ማስተላለፊያ ቱቦ በየቦታው ይቀበራል። ቱቦው ትንሽ ሰፋ ቢደረግ፣ ውሃ ሲሞላ የሚረገጥ ደረቅ ጠርዝ በጎኑ ቢቀርለት፣ በአፉ ላይ የተከመረው ድንጋይ ቢነሳ ለከርከሮ፣ ለጃርት፣ ለቀበሮና ለጥርኝ መሻገሪያ ይሆናል። ቱቦው ለጎርፍ ሲባል ይቀበራል፤ ጭማሪው ከጠቅላላ ወጪው አንጻር ትንሽ ነው።

ለዛፍ ላይ እንስሳት ገመድ ይበቃል። ኬንያ ውስጥ ዲያኒ በሚባለው የባሕር ዳርቻ ጉሬዛዎች ከዛፍ ዛፍ መንገድ እንዲሻገሩ ከአስፋልቱ በላይ የገመድ መሰላል ተዘርግቶላቸዋል፤ ይጠቀሙበታልም። የሐረና ደንን ለሚያቋርጠው መንገድ እንዲህ ያለው ነገር ቢሞከር ደስ ይለናል። እዚያ ጉሬዛም የባሌ ጦጣም አለ።

ምልክት ብቻውን ግን አያድንም። ሾፌር ሁልጊዜ የሚያየውን ምልክት ከጊዜ በኋላ አያየውም። ጉብታና የፍጥነት ቁጥጥር ሲታከልበት ነው የሚሠራው።

አሜሪካ ነው የምኖረው። እዚህ ደግሞ አጋዘኑ አስቸገረን። ምን ትመክራላችሁ?

ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ ይህን ጉዳይ ከእኛ በላይ ታውቁታላችሁ። በመላው አሜሪካ በዓመት ከ1 እስከ 2 ሚሊዮን የሚገመት ከትላልቅ እንስሳት ጋር ግጭት ይደርሳል። 200 ያህል ሰውም ይሞታል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ መጀመሪያ ወንዱ ሴቷን የሚያሳድድበት ወቅት ስለሆነ ግራ ቀኝ አያይም። በኖቬምበር መጀመሪያ ሰዓቱ ወደ ኋላ ሲመለስ ደግሞ ከሥራ መውጫችሁ ከጨለማው ጋር ይገጥማል። ኡበርና የጭነት መኪና ሌሊት የምትነዱ በተለይ ልብ በሉ።

ስለ ኢንሹራንሱም ይጠየቃል። አብዛኛውን ጊዜ አጋዘን ከመታችሁ የሚከፍለው «ኮምፕሪሄንሲቭ» የሚባለው ሽፋን ነው። አጋዘኑን ለመሸሽ ጠምዝዛችሁ ዛፍ ከመታችሁ ግን እንደ ተራ ግጭት ይቆጠራል። የራሳችሁን ውል አንብቡ።

ሎስ አንጀለስ ላላችሁ ደግሞ የምሥራች አለ። በአጉራ ሂልስ፣ 101 በሚባለው ጎዳና ላይ፣ 10 መስመር የሚያሻግር ትልቅ የእንስሳት ድልድይ ግንባታ ሚያዝያ 2022 (እ.ኤ.አ.) ተጀምሯል። ወጪው ከ90 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። ዋናው ምክንያት ፑማዎቹ ናቸው። በጎዳናዎች ተከበው ስለቀሩ ከዘመድ ጋር ይዋለዱ ጀመር፤ ጅራታቸው የተቆለመመ ፑማዎች ታዩ። ከተማዋ በፍቅር የምታውቀው ፒ-22 የሚባል ወንድ ፑማ ሁለት አውራ ጎዳና በሕይወት ተሻግሮ ግሪፊዝ ፓርክ ውስጥ 10 ዓመት ብቻውን ኖረ። ተጓዳኝ ሳያገኝ በ2022 መጨረሻ፣ መኪና ገጭቶት ከባድ ጉዳት ስለነበረበትና ሕመምም ስለነበረው ሐኪሞች እንዲሞት ወሰኑ። ለዚህ ድልድይ ገንዘብ ያዋጡ ብዙ ሰዎች የእሱን ታሪክ የሰሙ ናቸው።

መኪና ላይ የሚለጠፈው የእንስሳ ማባረሪያ ፉጨት ይሠራል?

አይሠራም። ተፈትኖ ለውጥ አላመጣም። ገንዘቡን ለመብራትና ለፍሬን ሸራ አውሉት።

መንገድ ሊሠራ ነው። ሐሳቤን የት ላቅርብ?

በ1995 የወጣው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 ኅብረተሰቡ በግምገማው ላይ አስተያየት እንዲሰጥ ይፈቅዳል። ጉዳዩ የሚመለከታቸው የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደርና የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ናቸው። ወረዳው ስብሰባ ሲጠራ ሂዱ። «እንስሳ ይጠበቅ» ብሎ መናገር ብቻ ብዙ አያስኬድም። እንስሳው የሚያልፍበትን ቦታ በስሙ ጥሩ፤ የትኛው ሸለቆ፣ የትኛው ድልድይ አጠገብ፣ በየትኛው ወር፣ በስንት ሰዓት። የአካባቢው እረኞች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል፤ ይዛችኋቸው ሂዱ። መሐንዲሱ ቱቦውን የት እንደሚያሰፋ የሚያውቀው ያን ሲሰማ ነው።